የክሬሙ ማስታወቂያ እና የልጆቻችን ፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ሥራዬ የሴቶች ፀጉርና ሜካፕ ነው፤ አቶቴ አካባቢ አነስተኛ ቤት አለኝ። ስለ ኑሮ ውድነቱም ስለ ፖለቲካውም የሚጽፍላችሁ ሰው አላጣችሁም። እኔ የምጽፈው ስለ ውበት ማስታወቂያ ነው። ብዙ ሰው ቀላል ነገር አድርጎ ያየዋል፣ የሴቶች ወሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የሚያመጣውን ጣጣ በየቀኑ ከቅርብ ስለማየው ዝም ማለት አቃተኝ።

ፀጉር የሚሠራ ሰው የደንበኛውን ፊት እናቷ እንኳ በማታየው ቅርበት ነው የሚያየው። ጆሮ ሥር፣ ግንባሯ ላይ ፀጉሩ የሚጀምርበትን፣ አንገቷን በደንብ አያለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማየው ነገር እያስፈራኝ መጥቷል። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ልጅ ትመጣለች። ጉንጯ ቀልቷል። ግን ጤነኛ ቅላት አይደለም፤ ቆዳው ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ። ካስክ ውስጥ ስትገባ ሙቀቱ ፊቷን ያቃጥላታል፣ "ቀንሽልኝ" ትላለች። እጇን ስታነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ የጣቶቿ አንጓ ከፊቷ ጋር ጭራሽ አይገናኝም፣ ጠቁሯል። ጆሮዋም የቀድሞ መልኳን እንደያዘ ነው። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አያስፈልገኝም፣ ምን እንደምትቀባ አውቃለሁ።

ከእነዚህ አንዷን ልንገራችሁ። ከገጠር መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ሹሩባ ልትሠራ መጥታ ከቦርሳዋ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። ክዳኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። የት እንደተሠራ፣ ምን እንዳለበት፣ መቼ እንደሚበላሽ የሚናገር አንዲት ፊደል የለም። "ቅልቅል ነው እትዬ፣ እዚያው ሱቅ ነው የሚቀላቅሉልን" አለችኝ። ለምን እንደምትቀባው ጠየቅኳት። "ካፌ ልገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀይ ነው የሚፈልጉት" አለችኝ።

ማን ነገረሽ አልኳት። ማንም አልነገራትም። የደላላው ሰሌዳ ላይ "መልከ መልካም አስተናጋጅ ይፈለጋል" ይላል። ካፌው በር ላይ የተለጠፈው ትልቅ ፎቶ ላይ ማኪያቶ ይዛ የምትስቀው ሴት ቀይ ናት። ስልኳ ላይ የሚመጣላት ክሬም ደግሞ "በሳምንት ቅላት" ይላል። ሦስቱን ራሷ ገጣጠመችው። ማስታወቂያ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንተ አስቀያሚ ነህ ብሎ በግልጽ የሚናገር ማስታወቂያ የለም፤ አንዱ ግማሹን ይናገራል፣ ሌላው ግማሹን፣ የቀረውን ልጅቷ ትሞላዋለች። እና ያቺን ከምታገኛት ደመወዝ፣ ከቤት ኪራይና ለቤተሰብ ከምትልከው የተረፈችውን፣ ላልታወቀ ቅባት ትሰጣለች።

ይሄ ታሪክ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የቀረበ ፌር ኤንድ ላቭሊ የሚባል ክሬም አለ። በቴሌቪዥን ለዓመታት የታየው ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ታሪክ ነበረው፦ ጠይሟ ልጅ ሥራ ታጣለች ወይ ባል ታጣለች፤ ክሬሙን ትቀባለች፤ ትቀላለች፤ ሥራውም ባሉም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ ዘረኝነትን የሚቃወም ሰልፍ ሲበረታ ኩባንያው አፈረና ስሙን ግሎው ኤንድ ላቭሊ አለው። ክሬሙ ግን እስካሁን ይሸጣል። የእኔዋ ደንበኛ ያንን ማስታወቂያ አይታው አታውቅም። ታሪኩን ግን ቃል በቃል ነገረችኝ።

ስለ ቅባቶቹ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የሚቀቡት ልጆች ምን እንደሚቀቡ አያውቁም። ቆዳችንን ጠይም የሚያደርገው ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው። ከፀሐይ የሚጠብቀን እሱ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ ከፍታዋም 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ሥር እየዋሉ ሜላኒንን ማጥፋት ማለት ራስን ማጋለጥ ነው። በእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንዱ ሜርኩሪ ነው፣ ባዜቃ የምንለው። ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፣ ስለዚህ በእርግጥም ያቀላል። ግን በቆዳ አልፎ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ ቅባቱ ከሚቀባው ሰው አልፎ ቤት ውስጥ ላለ ሕፃንም ይተርፋል፣ በትንፋሽም በመነካካትም። ሌላው ሃይድሮኪኖን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ፊት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነገር ያወጣል፤ ልጅቷ ጥቁረትን ፈርታ የገዛችው ቅባት መልሶ የማይለቅ ጥቁረት ይሰጣታል። ሦስተኛውና እኔ ቤት በብዛት የማየው የስቴሮይድ ጉዳት ነው። ክሎቤታሶል የሚባለው በጣም ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ለችፌና ለመሳሰሉት የቆዳ በሽታዎች በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ እንዳይቀቡት ይመከራል። የኛዎቹ ግን ጧትና ማታ፣ ወር አልፎ ዓመት ፊታቸው ላይ ያደርጉታል። ቆዳው የሚሳሳው፣ ብጉሩ የሚበዛው፣ ያ የደም ሥር የሚታየው ከዚህ ነው።

ዓለም ይህን አውቆ እርምጃ ከወሰደ ቆይቷል። ሚናማታ የሚባለው የሜርኩሪ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ፤ ከ2020 በኋላ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ወስኗል። በ2023 ደግሞ አገሮቹ ተሰብስበው ያቺንም ትንሽ ቀዳዳ ለመዝጋት ተስማሙ። ደቡብ አፍሪካ ገና በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ውስጥ ስታግድ ማስታወቂያውንም አብራ ነው ያገደችው፦ "ያቀላል"፣ "ያነጣል" ብሎ ማስተዋወቅ አይቻልም አለች። ይህ በጣም ይገርመኛል። ክሬሙን ብቻ ከልክለው ቃሉን ቢተዉት ኖሮ ሌላ ክሬም በዚያው ቃል እንደሚመጣ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሰብስቧል።

አንዳንድ ሰው "ድሮስ ቀይ ይመረጥ አልነበር ወይ፣ ማስታወቂያው ምን አደረገ?" ይለኛል። እውነት ነው፣ ማስታወቂያ ከምንም ተነስቶ አልፈጠረውም። ጥቁር መልክን ከባርነት ጋር እያገናኙ መስደብ እኛው ዘንድ የኖረ ነውር ነው፣ ማንም ከውጭ አላመጣብንም። "ልጁ ቀይ ነው?" ብሎ አራስ ቤት የሚጠይቅ ዘመድ ዛሬም አለ። ግን በዚያው አገር ጠይምነት ሲዘፈንለት፣ የቀይ ዳማ ሲባል፣ ጥርሰ ፍንጭት ሲባል፣ አንገተ ሙሉ ሲባል ኖሯል። ውበት ብዙ መልክ ነበረው። ሴት ልጅ አንዱ ባይኖራት ሌላው ይኖራት ነበር። ማስታወቂያ ያደረገው ከዚያ ሁሉ አንዱን መርጦ፣ የቆየውን ነውር ከስሩ ቆፍሮ አውጥቶ፣ ዋጋ ለጥፎ መሸጥ ነው። ድሮ ስድቡን የሚናገረው አንድ ባለጌ ጎረቤት ነበር። አሁን ልጅቷ ጧት ዓይኗን ስትገልጥ ስልኳ ይነግራታል፣ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ የተለጠፈው ይነግራታል፣ ገበያ ስትወጣ በሞንታርቦ ይጮህባታል።

እስቲ የቴሌቪዥን ማስታወቂያውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የክሬሙን አይደለም፤ የባንኩን፣ የዘይቱን፣ የሳሙናውን፣ የአፓርታማውን። አዲሱን ቤት ቁልፍ የምትቀበለዋ እናት ምን ትመስላለች? ፀጉሯስ? እዚህ ታቦር ተራራ ሥር፣ እዚህ አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዛ የምትመጣውን ሴት ትመስላለች? እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ያየሁት የሐዋሳ ሴት መልክ ተቆጥሮ አያልቅም። ሲዳማው አለ፣ ወላይታው አለ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው አለ። ቢልቦርዱ ላይ ያለችው ግን ሁሌም አንድ ሴት ናት። ልጆቻችን ደግሞ ያልታየ ሰው እንደሌለ እንደሚቆጠር ቶሎ ይገባቸዋል፣ ማንም ሳያስተምራቸው።

ፊጂ በምትባል የፓስፊክ ደሴት የሆነውን አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የፊጂ ሰዎች እንደ እኛ ናቸው፤ ሞላ ያለ ሰውነት ይወዳሉ፣ ሰው ሲከሳ ይጨነቃሉ። እኛም "ምነው ከሳሽ፣ አሞሻል እንዴ?" አይደል የምንለው? "ተስማምቶሻል" ማለት ምርቃት አይደል? ናድሮጋ በሚባለው ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ቴሌቪዥኑ እንደገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶችን ጠየቀች፣ በ1998 ተመልሳ በዚያው ዕድሜ ያሉትን ጠየቀች። በመጀመሪያው ጊዜ ለመክሳት ብላ የበላችውን ሆን ብላ የምታስመልስ ልጅ አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 11ዱ ያስመልሱ ነበር። ከመቶ 74ቱ አንዳንዴ "ወፍራም ነኝ" ብለው እንደሚያስቡ ተናገሩ። ሦስት ዓመት! የአያት የቅድመ አያት ባህል በሦስት ዓመት። ያውም ያኔ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ አልነበረም።

አሁን ስልኩ አለ። ባለስልኮቹም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፌስቡክ ወጥቶ ለጋዜጣ በተሰጠ የውስጥ ሰነድ ላይ ኢንስታግራም ስለ ሰውነታቸው ቀድሞም ከሚጨነቁ ልጃገረዶች ከሦስት የአንዷን ስሜት ይበልጥ እንደሚያባብስ የራሱ የኩባንያው ሠራተኞች ጽፈው ነበር። እኔ ይሄንን ሰነድ ሳላይም ወንበሬ ላይ አይቼዋለሁ። ልጅቷ ፎቶ ታሳየኛለች፣ "እንደዚህ አድርጊኝ" ትለኛለች። ፎቶው ላይ ያለችው ራሷ ናት። ፊልተር የነካት ራሷ። አፍንጫዋ ቀጥኗል፣ ቆዳዋ ቀልቶ ልሙጥ ሆኗል፣ ዓይኗ ሰፍቷል። ሌላ ሰው ብታሳየኝ "አንቺ አንቺ ነሽ" ብዬ አጽናናት ነበር። ራሷን ስታሳየኝ ምን እላታለሁ?

ሠርግ ላይማ ተዉት። ሙሽራ ስሠራ ከሙሽራዋ ይልቅ ከሚዜዎቹና ከእህቶቿ ጋር ነው ግብግቡ። "ትንሽ አቅያት፣ ፎቶ ላይ ጠቁራ እንዳትወጣ" ይሉኛል። ጠይም ለሆነች ልጅ የሚስማማ ፎንዴሽን ፍለጋ ከተማውን አዳርሼ ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ ሱቁ የሚያመጣው ለቀይ የሚሆነውን ነው፣ "ሌላው አይሸጥም" ይላል። ከዚያ ፎቶ አንሺው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ጊዜ ያቀላል፣ ሳይጠየቅ። አልበሙ ሲመጣ የሙሽራዋ ፊት ሌላ፣ አበባ የያዘው እጇ ሌላ። ያ አልበም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። የምትወልዳት ልጅ አድጋ ታየዋለች፣ እናቷን ታያታለች፣ ታስተያያለች።

እኔ ውበትን አልጠላም። እንጀራዬ ነው። ሴት ልጅ ስትዋብ ደስ ይለኛል፤ ኩል ስትኳል፣ እንሶስላ ስትሞቅ፣ ለበዓል ሹሩባዋን ተሠርታ ቅቤ ስትቀባ፣ ሜካፕም ስትቀባ፣ ዊግም ካሻት ስታደርግ። ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ መጥተው ፀጉራቸውን የሚያሠሩ የሲዳማ እናቶች መስታወት ፊት ሲነሱ የሚቆሙትን አቋቋም ብታዩ! መዋብና መልክን መካድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመዋብ ደስታ ያለባት ሴት ሳቂታ ሆና ነው ከቤቴ የምትወጣው። ያቺ ክሬም የምትቀባዋ ግን መስታወቱን የምታየው ጉድለት ለመፈለግ ነው፤ ከሠራኋት በኋላም አትስቅም።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ኩባንያ ፊት ሆና ተመርጣለች። ኩባንያው ከዚያ በፊት ጥቁር ሴት በዚያ ቦታ አስቀምጦ አያውቅም ነበር። እሷ የተመረጠችው በዚያው በመልኳ ነው። የእኛ አስተዋዋቂዎች ይህን ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። "ሕግ ምን ያደርጋል" የሚል ሰው ካለ ቢራውን ያስታውስ። ከ2011 ዓ.ም. በፊት ቴሌቪዥን ከፍተን ያለ ቢራ ማስታወቂያ ዜና አንሰማም ነበር፤ ኳሱም በቢራ፣ በዓሉም በቢራ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣ፣ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ፣ ከቢልቦርድም ወረደ። ገቢያችን ይቀንሳል ያሉ ነበሩ፣ ሆኖም ተደረገ። የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004ም አለ፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ የሰውን ክብርና እኩልነት የሚነካውንም ይከለክላል። "በሳምንት ትቀያለሽ" ከማለት በላይ ምን አሳሳች አለ? ጠይም መልክ በሽታ ይመስል "በፊት" እና "በኋላ" ብሎ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን መለጠፍስ ክብር መንካት ካልሆነ ምንድነው? ስለዚህ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እዚህ ሐዋሳ ገበያው ውስጥ ገብተው ያንን ስም የለሽ ዕቃ ያንሱልን። የከተማችን አስተዳደርም የቢልቦርድ ፈቃድ ሲሰጥ ምን እንደሚለጠፍ ይይ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በኮምፒውተር የተነካካ ሰውነት ያለበት ማስታወቂያ "ተነካክቷል" የሚል ምልክት እንዲኖረው አስገድዳለች፣ ፈረንሳይም ከ2017 ጀምሮ እንደዚያው ለሞዴሎች ፎቶ። እኛስ ምን ያንሰናል?

ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነው። በጋዜጣችሁ ክፍት የሥራ ቦታ ገጽ ላይ "መልካም ቁመና ያላት"፣ "መልከ መልካም" የሚል ነገር ሲመጣላችሁ አስተካክሉና መልሱት። ሒሳብ ለምትሠራ፣ እንግዳ ለምትቀበል፣ ቡና ለምታቀርብ ሴት መልክ መስፈርት የሚሆነው ለምንድነው? ለወንድ ሹፌር ትጽፋላችሁ እንዴ? ያቺ የእኔ ደንበኛ ክሬሙን የጀመረችው ከዚያች ቃል ነው። የሚያቀላ ነገር ማስታወቂያም ይዞላችሁ የሚመጣ ካለ አትቀበሉት፣ የገቢው ነገር እንደሚከብድ ይገባኛል፣ ግን አትቀበሉት።

አንድ ነገር አደራ። እስካሁን እየተቀባሽ ያለሽ ልጅ ይህን ካነበብሽ ደንግጠሽ በአንድ ቀን አትጣዪው። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነና በድንገት ካቆምሽው ፊትሽ ያብጣል፣ ይቃጠላል፣ ብጉሩ ይብሳል፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ደንግጠው ወደ ክሬሙ የሚመለሱት ለዚህ ነው። ዕቃውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ እዚህ ያለሽው ሪፈራል፣ አዲስ አበባ ያለሽው አለርት። እንዴት ቀስ እያልሽ እንደምትተዪው እነሱ ይነግሩሻል። ምን እንደቀባሽ አትደብቂ፣ ማንም አይቆጣሽም።

ውድ አዘጋጅ፣ እኔ ቤት የሚመጡትን እኔ እነግራቸዋለሁ። የቆዳ ሐኪም አነጋግራችሁ ስለ እነዚህ ቅባቶች አንድ ሙሉ ገጽ ብታወጡልኝ ቆርጬ መስታወቱ አጠገብ እለጥፈዋለሁ፣ የምታውቋቸው የሌላ ከተማ ፀጉር ሠሪዎችም እንዲለጥፉት ንገሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሴቶች ፀጉር ሠሪ፣ ከሐዋሳ